ማረሚያው ከፎቶው ጋር ይሂድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ አባላት፤ በድሬዳዋም በሐረርም ያላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው ስለ ከተሞቻችን ፎቶና ጽሑፍ የምንለጥፍበትን የጋራ ገጻችንን ስለማሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው። «ገጹ ይሻሻል» ብሎ ጉባኤ ፊት መቆም እንደማያዋጣ ዓምና አይተናል። «ምኑ ጎደለ?» ተብለን ስንጠየቅ እርስ በርስ ተያየን። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በየሰፈራችሁ ስም የገጠማችሁን ጻፉ፤ እኔ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

የባቡር ጣቢያውን አሮጌ ፎቶ ታስታውሳላችሁ። «በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው የመጀመሪያው ባቡር» የሚለውን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ 1895 የሚል ቁጥር ስላየሁ ሌላውን ከራሴ ጨመርኩበት። ከሥሩ ብዙ አስተያየት መጣ። ግማሹ «አይ ድሬ!» የሚል ናፍቆት ነው፤ እሱን እወደዋለሁ። ከዚያ ሃያ ያህል መልስ የፈጀ ሙግት ተነሣ፤ አንዱ ወገን 1895 ነው ሲል ሌላው 1902 ነው እያለ ተሟገተ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንኑ ዓመት ነው የሚናገሩት። ከዚያ ሁሉ ግርግር በታች የለገሃሬው ጋሼ አራት መስመር ጽፈው ነበር። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ራሴ ያነበብኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ፎቶው ከነስሕተቱ ከተማውን አዳርሶ፣ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ከሥሩ ተቀምጬ ምሳ በላሁ፤ ቁርጡ ጥሩ ነበር፣ አልወረደልኝም እንጂ።

ጋሼ፣ የጻፉትን እዚህ ቢደግሙልን?

የለገሃሬው ጡረተኛ

ልጄ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። በዚህ ገጽ ላይ የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

የጻፍኩት ይህ ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ጎታች በናፍጣ የሚሠራ ነው። በ1895 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የእንፋሎት ነበር። የእንፋሎት ሞተር የራሱ መልክ አለው፤ ጭስ ማውጫው ከፊት ቆሞ ይታያል፣ ሆዱ ክብ በርሜል ነው፣ እሳትና ውሃ ይፈልጋል። ይሄኛው ሣጥን ይመስላል፤ ከፊቱ መስኮት እንጂ ጭስ ማውጫ የለውም። በዚያ ዘመን እንኳን በእኛ መስመር በዓለምም የናፍጣ ጎታች አልነበረም። ሽመንደፈር ቤት፣ ማለት ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ያደገ ሰው ይህን ከሩቅ ይለየዋል።

ይህን ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጅቶብኛል። የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ሁለት ጊዜ ልጨርስ ስል ገጹ «እንደገና ይግቡ» ብሎ የጻፍኩትን በላው። በሦስተኛው የልጅ ልጄ በወረቀት አስጽፋኝ እሷ ገለበጠችው። በድምፅ ተናግሬ መላክ ቢቻል እኔ የማውቀው ብዙ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ጥገና ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ብረት ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አሁን በጣት የምንቆጠር ነን፤ ከእኛም ውስጥ የሚተይብ የለም።

ከሳቢያን

ጋሼ፣ ጽሑፍ የመጥፋቱን ነገር እኔ ልውሰደው፤ ተጽፎ ያላለቀውን ስልኩ ራሱ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ቀላል ነው፤ እስከ ዛሬ አለመሠራቱ ያሳፍራል። ድምፁም ይቻላል። ግን በድምፅ የመጣው ነገር በፍለጋ ስለማይገኝ ከወጣቶቹ አንዱ አዳምጦ ከሥሩ በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ሁለቱ አብረው ይቀመጡ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ገጻችን አስተያየቶችን የሚደረድረው በመጡበት ሰዓት ብቻ ነው። ለማን እንደተመለሰ አይታይም። ማረሚያና ሰላምታ እኩል ቦታ ይይዛሉ፣ እንዲያውም ሰላምታው በብዛቱ ማረሚያውን ይቀብረዋል። ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መልስ ከተመለሰለት አስተያየት ሥር ይግባ፤ ግን አንድ ደረጃ ብቻ። መልስ በመልስ ላይ እየገባ ከሄደ በስልክ ስክሪን ላይ ጽሑፉ እየጠበበ በመጨረሻ በመስመር ሁለት ፊደል ይቀራል። ሁለተኛ፣ አስተያየት የሚጽፍ ሰው «ይህ ማረሚያ ነው» የሚል ምልክት ማድረግ ይችል። ምልክቱ ሲደረግ ለአርታዒዎቹ መልእክት ይድረሳቸው፤ ካረጋገጡት ከአስተያየቶቹ መሐል ወጥቶ ከመግለጫው ሥር፣ ከጸሐፊው ስም ጋር ይቀመጥ። የቀድሞው መግለጫም አይጥፋ፤ ተሰርዞ ይታይ። ሰው የት እንደተሳሳትን ቢያይ ምንም አንሆንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እስማማለሁ። ግን ይህ የሚጠቅመው ወደ ገጹ ለሚመጣ ሰው ነው። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶስ? ቴሌግራም ላይ የሚዞረውስ?

ከሳቢያን

እሱ ነው የከበደኝ። ሰው ፎቶ የሚያጋራው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ሊንኩን ይልካል፣ ወይ ፎቶውን ወደ ስልኩ አውርዶ ራቁቱን ይልካል። ብዙው የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ ሊንክ አስቀያሚ ነው። ርእሱን በአማርኛ ስለሚወስድ፣ ሲቀዳ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። «ድሬዳዋ» የሚለው አራት ፊደል ብቻውን 36 የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል ይሆናል። አክስቴ እንዲህ ያለ ሊንክ ስልክላት «ቫይረስ ነው» ብላ ሰርዛዋለች። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ደግሞ አይታሰብም፤ በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ መልእክት 70 ፊደል ነው የሚይዘው፣ በላቲን ብቻ ቢሆን 160።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶና ጽሑፍ አጭር ቁጥር ይኑረው። ሊንኩ የገጹ ስምና ቁጥሩ ብቻ ይሁን። ፎቶው ሲወርድ ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ጋር የተጣበቀ ቀጭን ነጭ መስመር ይኑረው፤ በላዩ ላይ የገጹ ስምና ቁጥሩ ይጻፍ። ፎቶውን የትም ቢወስዱት ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። ማረሚያ ሲመጣ የወረደውን ፎቶ አሳድደን ማረም አንችልም፤ ቁጥሩን የተከተለ ሰው ግን ማረሚያውን ያገኛል። ሊንክ ሲላክ አብሮ የሚታየው ትንሽ ሥዕልና ርእስም ቢሆን በተላከበት ሰዓት የተቀዳ ነው፤ እኛ ብናርምም እዚያ ያለው እንደ ድሮው ይቆያል። ከቁጥር የተሻለ መላ አልታየኝም።

ከመጋላ

ቁጥሩን ወድጄዋለሁ። ዕቃ ያለ ቁጥር መጋዘን ውስጥ አይገኝም። መስመሩን ቆርጦ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም፤ ቢሆንም ለመቁረጥ የሚደክም ጥቂት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ክብደቱ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፎቶ ስከፍት፣ እስኪመጣ ደንበኛ አስተናግጄ እመለሳለሁ። ዛሬ በስልክ የሚነሣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነው፤ እናንተ እንዳለ ትጭኑታላችሁ። ለዓይን የሚሆነው ትንሹ ቅጂ ይቅደም፣ ትልቁን የፈለገ ነክቶ ያውርድ። ኔትወርክና የኪስ ገንዘብ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው፤ ሳልናገረው አላልፍም። ጎረቤቴ በአፋን ኦሮሞ ስለ ቀፊራ ገበያ ጥሩ ነገር ጽፎ ነበር፤ ስለ ግመል ቅፍለቶችና ስለ ጫት ጫኞች። በማግስቱ የለም። ስጠይቅ «ምን እንደሚል ስላልገባን ለጥንቃቄ አነሣነው» ተባልኩ። ይህች ከተማ ውስጥ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ይናገራል። አርታዒው ስላልገባው የሚጠፋ ከሆነ ገጹ የማን ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ

ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ጎረቤትህን በአካል ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በረቂቁ ላይ እንዲህ ብዬ አስገባለሁ፦ አርታዒዎቹ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚያነቡ ሰዎችን ያካትቱ፤ ያልገባ ነገር ወደሚገባው ሰው ይተላለፋል እንጂ አይነሣም።

የከዚራው መምህር

ስለ ፍለጋው ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው። ትናንት ስለ ሐረር የተጻፉትን ሁሉ ለማግኘት ሞከርኩ። በ«ሐ» ስጽፍ የተወሰነ መጣ። በ«ሀ» ስጽፍ ሌላ መጣ። ድሬዳዋንም አንዱ አጣብቆ፣ አንዱ ለይቶ ነው የሚጽፈው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብታዩ፣ በሁለቱ «ጸ»ዎችና በስድስቱ «ሀ»ዎች 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን 12 የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በዚህ ምክንያት አንድን ፎቶ ሦስት ጊዜ ለጥፈን፣ ከሥሩ ሦስት የተለያየ ውይይት ይካሄዳል።

ፊደል ይቀነስ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እሱን ሙግት በሌላ ቀን። ሰው የጻፈው እንደጻፈው ይታይ፤ ፍለጋው ብቻ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቁጠር።

ከሳቢያን

መምህር፣ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ከሠራን ሁለት ቀን አይፈጅም። ሰንጠረዡን እርስዎ ያዘጋጁልኝ፤ እኔ ከ«ሠ» እና ከ«ሰ» የትኛው እሳት እንደሆነ ዛሬም እጠራጠራለሁ።

የከዚራው መምህር

አስተማሪህ ማን ነበር? ተወው፤ እኔው ሳልሆን አልቀርም። ሰንጠረዡን ለሐሙስ አደርሳለሁ። አንድ ደግሞ፦ ዓመት በተጻፈ ቁጥር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጻፍ ግዴታ ይሁን፤ ያለዚያ ገጹ አይቀበል። ያ የሃያ መልስ ሙግት አይደገምም።

ከደቻቱ ዳር

እስካሁን የምታወሩት ስለ ባቡርና ስለ ገበያ ነው። እኔ ሌላ ልናገር።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እኛ ዳሩ ላይ ነበርን። ከ200 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ያለቀበት ነው፤ ለእናንተ አልነግራችሁም። በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ አንድ ሰው የዚያን ጊዜ ፎቶ ይለጥፋል። በክፋት አይደለም፤ እንዳይረሳ ነው። ካቻምና በተለጠፈው ፎቶ ላይ የአክስቴ ልጅ ፊት ይታይ ነበር። እንዲነሣ ጠየቅኩ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ የገጹ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም መንገድ ላይ ነበር። በአሥራ አንዱ ቀን ፎቶው የት የት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከፎቶው ጋር ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ ጠፋ። እዚያ ውስጥ የጎረቤቶቻችን የሐዘን ቃል ነበር። አንዲት ሴት፣ የማላውቃት፣ ልጁን በዚያ ሌሊት የት እንዳየችው ጽፋ ነበር። ያን እኛ ቤት ማንም አያውቅም ነበር። ደጋግሜ አንብቤው ነበር፤ አልገለበጥኩትም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነው። ፎቶው ይነሣ፤ ቃሉ ይቆይ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እህቴ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። የሳቢያኑ ልጅ፣ ያ ጽሑፍ ከመጠባበቂያው ሊገኝ ይችላል?

ከሳቢያን

ዛሬ ሌሊት እፈልገዋለሁ። ተስፋ መስጠት አልፈልግም፤ ግን የዚያ ወር ቅጂ ያለ ይመስለኛል። ቢገኝ መጀመሪያ ለእሷ ብቻ እልካለሁ፤ ይውጣ አይውጣ እሷ ትወስን።

ወደፊት ግን ፎቶውና ውይይቱ በየራሳቸው እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። አንዱ ሲነሣ ሌላው አይከተለውም። በፎቶው ቦታ «በቤተሰብ ጥያቄ ተነሥቷል» የሚል ይቀራል፤ ቁጥሩም በቦታው ይቆያል።

ከሐረር ጀጎል

ደቻቱ ዳር ያለችው እህታችን የተናገረችውን ካነበብኩ በኋላ የእኔ ነገር ትንሽ መሰለኝ፤ ቢሆንም ይያያዛል። ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራ የማይገባበት ቤት የለም። የቤታችንን ውስጥ፣ የግድግዳውን ስፌትና የአያቴን መደብ ሳይቀር፣ ከገጻችን ላይ አየሁት። ለጣፊው እንግዳ ሆኖ ቡና ጠጥቶ የሄደ ሰው ነው። ጌ ጋር፣ ማለት የሐረሪ ቤት፣ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ፎቶ ለመለጠፍም ቢያንስ ማስፈቀድ ይገባል። ፎቶ አንሺው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት እንዳለው አውቃለሁ። የቤቱ እመቤትም የምትለው አላት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ጥብቅ ነው፤ ምንም ነገር፣ ጽሑፍም ፎቶም፣ አርታዒ ሳያየው አይውጣ። ጸሐፊው ደግሞ በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ። በእኛ አፎቻ፣ እንደ ዕድር ባለው መረዳጃችን፣ ውስጥ የሚናገር ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህም ቃሉን ይመዝናል።

ከመጋላ

ወንድሜ፣ አፎቻ ውስጥ ሁላችሁም ትተዋወቃላችሁ። እዚህ ግን ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ውሃ ችግር በስሙ የሚጽፍ ስንት ሰው ታገኛለህ? አርታዒ ካላየው አይውጣ ካልክ ደግሞ የጎረቤቴ ጽሑፍ መጀመሪያውኑ አይወጣም ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የጻፍኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከወጣ ወሬው አልቋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እኔም የመጋላውን እደግፋለሁ፤ በተለይ በስሙ ጉዳይ። ሴቶች አባላት በስማቸው ጽፈው ምን እንደገጠማቸው ለእኔ በግል የነገሩኝ አለ። የሁሉንም ስምና ስልክ መያዝም ራሱን የቻለ ኃላፊነት ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ዝርዝር በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የብዕር ስም ይፈቀድ፤ ግን አንድ ሰው አንድ የብዕር ስም፣ ሳይቀያይር። ከጊዜ በኋላ የብዕር ስምም ክብር ይኖረዋል፤ ሰው ሊያበላሸው አይፈልግም።

ከደቻቱ ዳር

ቅድሚያ ስለማየቱ እኔ የምለው አለኝ። ቃልና ፎቶ አንድ አይደሉም። ክፉ ቃል ከተጻፈ ጠዋት ሌላ ሰው ይመልስለታል፣ ወይ ይነሣል። የወጣ ፎቶ ግን አይመለስም። ጽሑፍ ወዲያው ይውጣ፤ ፎቶ ይጠብቅ።

ከሐረር ጀጎል

በዚህ ካበቃ እኔም እቀበላለሁ። የማንሻውን ጊዜ ግን በቁጥር እንጻፈው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይላል። እኛ እንደ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ባንሆንም ከዚያ ልንዘገይ አይገባም። የሟች ወይም የሕፃን ፊት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይነሣ፣ ክርክሩ በኋላ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እነሆ ረቂቁ። አርሙት።

«የጋራ ገጻችን ላይ ያለ እያንዳንዱ ፎቶና ጽሑፍ አጭር ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩ በሊንኩም በሚወርደው ፎቶ ጠርዝም ላይ ይታይ። በአባል የቀረበና በአርታዒዎች የተረጋገጠ ማረሚያ ከመግለጫው ሥር ከአራሚው ስም ጋር ይቀመጥ፤ የቀድሞው መግለጫ ተሰርዞ ይታይ። ጽሑፍ ወዲያው ይወጣል፤ ፎቶ ከአርታዒዎች አንዱ ሲያየውና የባለቤቱ ፈቃድ ሲገለጽ ይወጣል። የሟች ወይም የሕፃን ፊት ያለበት ፎቶ ጥያቄ በቀረበበት ሰዓት ይነሣል፤ ሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ ይወሰናል። ፎቶ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ውይይት አይነሣም። የገጹ ቁልፍ በድሬዳዋ ሁለት፣ በሐረር አንድ ሰው ዘንድ ይሁን። አርታዒዎች አራቱን ቋንቋዎች የሚያነቡ ሰዎችን ያካትቱ። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ይቁጠር፤ ዓመት ያለ አቆጣጠሩ አይጻፍ። አስተያየት በድምፅ መስጠት ይቻል፤ በጽሑፍም ይስፈር።»

የከዚራው መምህር

«ጥያቄ በቀረበበት ሰዓት» የሚለው ለትርጉም የተጋለጠ ነው። ጥያቄው የቀረበው ሌሊት ቢሆንስ? «ከሦስቱ ቁልፍ ያዦች መጀመሪያ ያየው ወዲያውኑ ያነሣል» ይባል።

ከመጋላ

ወጪውስ? ጉባኤው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የፎቶዎቹ ትንሽ ቅጂም ረቂቁ ውስጥ አልገባም፤ አስገቡት። ለሰርቨሩ የሚጨመረውን ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት እኔና ሁለት ነጋዴዎች እንሸፍናለን። ከዚያ በኋላ ከአባልነት መዋጮ ይሁን። ይህም ይጻፍ፤ ያለዚያ በየዓመቱ መጋላ ይመጣሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁሉም ገብቷል፤ የመምህርም እርማት። የ«ውደድ» ምልክት ይቅር የሚል ሐሳብ በግል ደርሶኝ ነበር፤ ለብቻው ስለሚያወዛግብ ከዚህ አላስገባሁትም።

ከሳቢያን

የዚያን ወር ቅጂ አገኘሁት። ለእህታችን ልኬላታለሁ።

ከደቻቱ ዳር

ደርሶኛል። ለእናቴ አነበብኩላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ረቂቁን በዚህ ዘጋሁት። ለጉባኤው ማሳያ እንዲሆን ፎቶ ቁጥር 1 የሚሆነው ያ የጣቢያው ፎቶ ነው፤ ከነስሕተቱና ከነማረሚያው። ጋሼ፣ ማረሚያውን በድምፅዎ እንቅዳ?

የለገሃሬው ጡረተኛ

ልጁ ዓርብ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ከዚያ በፊት ሙቀቱ አያናግርም። ሌሎቹም ፎቶዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ሲያነሣቸው ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ጀርባቸውንም ያንሣ። በእርሳስ 1895 ብሎ የጻፈው አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማር። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ባቡሩን ማለቱ አልነበረም፤ ከኋላ የሚታየውን ጣቢያ ማለቱ ይመስለኛል።